ሦስት ቀዳዳ አይመሰክርም

ርካሽ ጠመንጃ ይስታል የሚሉ ወዳጆች አሉን። አንስማማም። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለአዳኞች የሚሠሯቸው፣ በየተኩሱ በእጅ የሚቀባበሉ ርካሽ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ከባለቤታቸው የተሻሉ ናቸው። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተውን ሳቬጅ 110ን ውሰዱ። አፈሙዙን አጥብቆ የሚይዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ጥይቱ የሚገባበት ልክ በዚያው ዳዶ ስለሚስተካከል ብዙ የባለሙያ ሰዓት አይበላም። የዋጋው ቅናሽ አንዱ ምስጢር ይኸው ነው። የብዙዎቹ ርካሾች ሰደፍ ፕላስቲክ ነው፣ እጅ ላይ አሻንጉሊት ይመስላል፤ እሱን አንክድም።

እኛ የምንጣላው ከሦስቱ ቀዳዳ ጋር ነው። ሰውዬው በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ይተኩስና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ገቡልኝ ብሎ ወረቀቱን ለአገር ምድሩ ያሳያል። ሦስት ሲተኮስበት በአማካይ 2.5 የሚሰበስብ ጠመንጃ ግን አሥር ሲተኮስበት ወደ 4 ይሰፋል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሦስት ጥይት ዕድልን ከብቃት አይለይማ!

ለነገሩ 4ም ለአጋዘን ይተርፋል። ልቧና ሳንባዋ ያለበት ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሰፋል። ጉዱ የሚመጣው በሦስቱ ቀዳዳ የሰከረው ሰው 400 ሜትር ላይ ቃታ ሲስብ ነው። እዚያ 4ቱ 16 ይሆናል፤ ነፋሱንና የገዛ ትንፋሹን ጨምሩበት። አጋዘኗ ቆስላ ጫካ ትገባለች፣ እሱም ጠመንጃውን ይራገማል።

አሜሪካ ያላችሁ አዳኞች፣ ርካሹን ግዙና በተረፈው ገንዘብ ጥይት ጨምሩ። ወረቀቱንም አሥር ቀዳዳ ሳይኖረው አታሳዩን።