ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ደብዳቤው የመጣው ከቡሬ ነው። ጸሐፊው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሲሆን ስሙን እንዳናወጣ ለምኖናል። ባይለምነንም አናወጣውም ነበር። ሦስት ገጽ ስለነበር አሳጥረነዋል።

«አባቴ ያወረሰኝ ባለ 2.8 የናፍታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። በርበሬና በቆሎ እጭንባታለሁ። ከክረምት ወዲህ ጭስ ጀመራት። ጭኜ ወደ ኮሶበር ስወጣ ጥቁር ጭስ ነው፣ ከኋላዬ ያለው መኪና አይታየኝም። ባዶዋን ስትሆንና ቁልቁለት ላይ እምብዛም የለባትም። አንድ መካኒክ ‹ፋሻ ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ› አለኝ። የጠየቀኝ ብር ለጥር ሠርጌ ያጠራቀምኩትን ሙልጭ አድርጎ የሚወስድ ነው። ጓደኛዬ ደሞ ‹ወፍራም ዘይት ሙላባትና ጭሱን አጥፍተህ ሽጣት› ይለኛል። ገዢው የእጮኛዬ የአጎት ልጅ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ ለጊዜው ሠርግህንም ሞተርህንም አትንካ!

ይህን የምንለው ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ በቅንፍ የወረወርካቸውን ሁለት ነገሮች አይተን ነው። አንደኛው፣ «ዘይት ከቅያሪ እስከ ቅያሪ አልጨምርም» ብለሃል። ሁለተኛው፣ «በግንቦት ጉልበት እንዲኖራት ፓምፗን አስከፍቼ ነበር» ብለሃል። ኧረ ዋናውን ነገር በቅንፍ ትጽፈዋለህ እንዴ?

ፋሻ የጨረሰ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ጭሱም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ያንተ ዘይት አልጎደለም፣ ጭስህም ጥቁር ነው። ጥቁር ጭስ ማለት በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው። ወይ ናፍታው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። ሸክምና ዳገት ሲመጣ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ እግርህ ነዳጁን ሲረግጥ ፓምፑ ናፍታውን ያዘንበዋል፣ አየሩ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ያገርህን ከፍታ አትርሳ። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮሶበር ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያንተ ዓይነቱ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚህ ከፍታ የሚያገኘው አየር ድሮም ትንሽ ነው። የናፍታውን ብሎን ሲከፍቱልህ ጉልበት ያገኘህ መሰለህ እንጂ ትርፉ ናፍታ የሚቃጠልበት አየር የለውም። ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከገንዘብህ ጋር! ዝም ካልከው ደግሞ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ያልተቃጠለው ናፍታ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ያኔ መካኒኩ ያለው ፋሻ እውነትም ይሄዳል።

ታዲያ በርካሹ ጀምር። ኮፈኑን ክፈትና የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። አንዳንድ ሹፌር «ትተንፍስ» ብሎ ያለ ፊልትሮ ይነዳል፤ ይህ እብደት ነው። የገጠር መንገድ አቧራ ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው።

ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። ጭስ እየገፋ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ኮምፕሬሽን አስለካ። ሳይለካ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ቢሳሳት የሚከፍለው ምንም የለም፤ ከፋዩ አንተ ነህ።

ከዚያ ወደ ፓምፑና ወደ ኖዝሎቹ ሂድ። ብሎኑን ራስህ አታዙረው። በመሣሪያ የሚለካ የፓምፕ ባለሙያ ዘንድ ውሰዳት፤ ባካባቢህ ካጣህ መንገዱ ሲመች ባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፓምፑ ወደ ልኩ ይመለስ፣ ኖዝሎቹም ይፈተሹ። መርጨት ትቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ብቻውን ይህን ሁሉ ጭስ ማምጣት ይችላል። ናፍታ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተህ ከሆነ ውኃም ሊኖርበት ስለሚችል የናፍታ ፊልትሮውን ቀይር።

ነጭ ጭስ የሚያዩ አንባቢዎችም አሉ። በብርድ ጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ አያስጨንቅም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተር ውኃ ከጎደለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትከፍቱት!

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር እንምጣ። ወፍራም ዘይት ሰማያዊ ጭስን ለጥቂት ሳምንት ይደብቅ ይሆናል፤ ጥቁሩን አይነካውም። እንግዲህ ማጭበርበሩ እንኳ አይሠራልህም። ቢሠራስ? የእጮኛህ የአጎት ልጅ የመጀመሪያውን ዳገት ሲወጣ ነገሩ ይገባዋል፤ ሠርግህ ላይ ደግሞ ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጠው። መሸጥ ካማረህ አስተካክለህ፣ ያሠራህበትን ደረሰኝ አሳይተህ ሽጥ። እኛን ከጠየቅኸን ግን አትሽጣት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ስላስወደደው እሷን የምትተካ በቀላሉ አታገኝም።

እስክትሠራ ድረስ ጭነት ቀንስ፣ ዳገቱን ማርሽ ቀንሰህ ውጣ፣ ግቢ ውስጥም አስነስተህ አታቁማት። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ እናትህ ደግሞ ከግቢው ማዶ ቡና እየቆሉ ነው ብለኸናል።

ፓምፑ ተስተካክሎም ጥቁሩ ካልለቀቀ የኮምፕሬሽኑን ቁጥር ጽፈህ ላክልን። ከለቀቀና ሙሽራይቱን በእሷ የምታመጣት ከሆነ፣ ነጩን ሪባን ከማርሚታው ራቅ አድርገህ እሰር።