ላዩ አበባ፣ ውስጡን ለቄስ

ከክረምቱ መውጣት በኋላ ዘመድ ጥየቃ ስዞር አንድ ነገር ታዘብኩ። ከምኖርበት ከሰበታ ተነስቼ ቡራዩ እህቴ ዘንድ፣ ከዚያም ሱሉልታ ልጄ ዘንድ ስሄድ የገባሁባቸው አዳዲስ ቤቶች ግድግዳቸው ሁሉ ቅጠልና አበባ ሆኗል። ድሮ ቤት የሠራ ሰው ቀለም ቀቢ ነበር የሚያፈላልገው፤ አሁን ዎልፔፐር ለጣፊ ሆኗል። ዛሬ ስለዚሁ ላውጋችሁ፤ ማሰሪያው የጤና ጉዳይ ስለሆነ እስከ ታች አንብቡልኝ።

የእህቴ ሳሎን ያበበ ቅርንጫፍና ወፎች ያሉበት ወረቀት ተለጥፎበታል። «የቻይና ነው» አለችኝ፣ እንደማፈር ብላ። ምን ያሳፍራል? እንዲህ ያለውን ንድፍ ቻይናዎች በእጃቸው እየሣሉ በ18ኛው መቶ ዘመን በመርከብ ወደ አውሮፓ ይልኩት ነበር፤ ግድግዳውን በዚያ የሚያስጌጠው ባለጸጋ ብቻ ነበር። የጎረቤቷ ደግሞ የተጠላለፈ ሐረግና ትንንሽ አበባ ነው። ይኸኛው የእንግሊዞቹን ፈለግ የተከተለ ነው። ዊልያም ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1862 የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ሲነድፍ፣ መነሻ ያደረገው በገዛ ግቢው ጽጌረዳ የሚንጠላጠልበትን የእንጨት ርብራብ ነበር።

እኛም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው ጌጥ ስሙ «ሐረግ» ነው፤ እንደሚጠመጠመው ተክል ማለት ነው። በጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ የሚገኘውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያያችሁ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። የድሃውም ቤት የራሱ ጌጥ ነበረው። እናቴ የጭቃ ቤታችንን ግድግዳ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ትለጥፍበት ነበር። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ንባብ የለመድኩት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከራስጌዬ ያለውን ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል፤ እናቴ በክረምት አትለጥፍም ነበር። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ግድግዳውን እስኪያደርቀው ትጠብቃለች። «እርጥብ ላይ የለጠፉት አይጸናም» ትል ነበር።

አሁን ወደ ሱሉልታ ልውሰዳችሁ።

ልጄና ምራቴ ብዙ ዓመት ተከራይተው ኖረው፣ ባለፈው ግንቦት የራሳቸውን ብሎኬት ቤት ጨርሰው ገቡ። ልስኑ ገና አልደረቀም ነበር። ሆኖም ኪራዩ ስላንገበገባቸው አልፈርድባቸውም። ምራቴ ለልጇ መኝታ ቤት ትልልቅ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ወረቀት አስለጠፈች። እኔ ሳየው «ይኼ እኮ እንሰት ነው» ብዬ አሳቅኋቸው፤ ለካስ የሙዝ ቅጠል ነው። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ አምሮ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለሁለት ቀን ሄጄ አደርኩ። አምስት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጄ ሌሊቱን ሲያስል አደረ። ሲነጋ ወደ ክፍሉ ስገባ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ፤ ታፍኖ የከረመ የጆንያ ሽታ። እጄን በቅጠሉ ላይ ባሳርፍ ቀዘቀዘኝ። ጥጉ ላይ ወረቀቱ በጥቂቱ አብጧል። ውድ አንባቢያን፣ እኔ በነርስነት ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱ ቤት ገብቻለሁ፤ የዚህን ሽታ ምንነት አሳምሬ አውቃለሁ። ነገር ግን ዝም አልኩ። ለምን? ምራቴ ያን ወረቀት በስንት ጉጉት እንደገዛችው አይቻለሁ። «አማት መጥታ ቤቴን አቃቃሪ ሆነች» እንዳትለኝ ፈራሁ። «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ወደ ሰበታ ተመለስኩ።

ጳጉሜን ውስጥ ሌሊት ስልክ ተደወለልኝ። ልጁ ትንፋሽ አጥሮት፣ ደረቱ እያፏጨ ጤና ጣቢያ ወስደውታል። ኦክስጅንና የሚተነፈስ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። አስም ነው ተባለ። ደርሼ ሳየው የጎድን አጥንቱ መሃል አሁንም ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። በሌላ ሰው ልጅ ላይ ስንት ጊዜ ያየሁት ምልክት ነው። በገዛ የልጅ ልጄ ላይ ሳየው ግን እግሬ ተብረከረከ።

ከጤና ጣቢያ እንደወጣን ምራቴን ለብቻዋ ጠራኋትና በሐምሌ ያየሁትን ነገርኳት። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁን እህቴ ዘንድ ቡራዩ ልከን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ወረቀቱን ገለጥነው። ከጀርባው ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ውጭ ወጥተን ስናይ የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ውሃውን እዚያው ግድግዳ ላይ ሲያፈስ ከርሟል። ወረቀቱ ላዩ እንደ ፕላስቲክ ስለሆነ እርጥበቱ ወደ ክፍሉ ወጥቶ እንዳይደርቅ አፍኖ ይዞታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የልጁ አስም በሻጋታው ብቻ መጣ ማለት አልችልም፤ አባቱም በልጅነቱ ያፍነው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ግን እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለደረት ማፏጨትና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ካርል ሼለ የተባለ የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1775 ከመዳብና ከአርሴኒክ ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሠራ። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ቅጠሉን ሁሉ በአርሴኒክ አረንጓዴ እያተሙ ቤታቸው ለጠፉት። አርሴኒክ መርዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሰዎች ሲታመሙ አንዳንድ ሐኪሞች ግድግዳውን ጠረጠሩ፤ ሞሪስ ግን ነገሩን አጣጣለው። እሱ ራሱ አርሴኒክ ከሚያመርት የማዕድን ኩባንያ ድርሻ ነበረው። በ1890ዎቹ ጎዚዮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም፣ እርጥበት ባለበት ሻጋታው ከዚያ ቀለም ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጋዝ እንደሚያወጣ አሳየ። ያ ቀለም ዛሬ ቀርቷል። እርጥበቱና ሻጋታው ግን አሉ።

እንግዲህ ለመለጠፍ ላሰባችሁ የምመክረው ይህን ነው። አዲስ ልስን ቢያንስ አንድ ወር፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ ይድረቅ። ግማሽ ሜትር ያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ከሥሩ ውሃ ካዣ አትለጥፉ። አሸንዳውንና የቤቱን ዙሪያ አስቀድማችሁ እዩ። ቁም ሳጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣ፤ ቢበርድም በቀን አንድ ጊዜ መስኮት ይከፈት። ሻጋታ ካገኛችሁ የእርጥበቱን ምንጭ ሳታደርቁ ላዩን አትሸፍኑት። ስታጸዱ ልጆችን አርቁ፤ በረኪና ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ልጃችሁ ሌሊት ሌሊት ካሳለ ወይም ደረቱ ካፏጨ ሐኪም ይየው።

አሸንዳው ተቀይሯል። ግድግዳው ታጥቦ ጥቅምትን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ተራ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ልጁም ወደ ክፍሉ ተመልሷል፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ አንዳንድ ሌሊት አሁንም ያስላል። ምራቴ የተረፋትን አንድ ጥቅል የሙዝ ቅጠል ሳሎን ለመለጠፍ አስባ፣ ባለፈው እሑድ «እማዬ፣ መጥተው ግድግዳውን ይዩልኝ» ብላ ደወለችልኝ። ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት። በስተ ደጃፍ ያለው ጥግ ገና ነው፤ ይቆይ አልኳት። እሺ አለች።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።