የሚያስፈራ ዜና ስንሰማ

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 11፥27-30

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት በቅርቡ ያገባች እህት ከአምልኮ በኋላ ቆማ ጠበቀችን። «ፓስተር፥ ዓለም እንዲህ እየሆነች ልጅ መውለድ ኃጢአት አይሆንም?» አለችን። ለካ ማታ ማታ በስልኳ የምታየው የአየር ንብረት ዜና እንቅልፍ ነስቷት ኖሯል። «12 ዓመት ብቻ ነበር የቀረን፤ እሱም እያለቀ ነው» አለች።

ይህ አባባል ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል አንድ ሪፖርት አወጣ። የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ የካርቦን ልቀት በ2030 ከ2010 መጠኑ 45 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት ይላል። ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነገር ግን በ2030 ምድር ታልቃለች አላለም። የዜና ርዕሶች ግን «12 ዓመት ቀረን» ብለው አሳጠሩት፤ ፖለቲከኞችም ተቀብለው አስተጋቡት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ በረሃብ የመነመነ የዋልታ ድብ ቪዲዮ አሰራጭቶ የአየር ንብረት ለውጥ መልክ ይህ ነው አለ። ዓለም አለቀሰ። መጽሔቱ ራሱ በ2018 ከልክ አልፈናል ሲል አመነ፤ ያ ድብ ለምን እንደተራበ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረምና። ቪዲዮውን ካዩት ስንቶቹ እርማቱን አነበቡ?

ነገሩ እኛንም ይነካል። በ50ዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች የ1977ቱን ረሃብ በልጅነታችን እናስታውሳለን። ቢቢሲ ከኮረም ያሳየውን ዓለም በአብዛኛው የድርቅ ታሪክ አድርጎ ተቀበለው። ድርቁ እውነት ነበር። ነገር ግን ጦርነትም ነበር፤ ወገን እየተራበ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ማክበሩም ነበር። ሁሉን በሰማዩ ላይ ካላከክን የሰው ኃጢአት ይሸፈናል፤ ንስሐ የሚገባም አይገኝም። ዛሬም ባለሥልጣናት ጥፋታቸውን ሁሉ በአየር ንብረት ሲያሳብቡ ጋዜጠኛው ዝም ብሎ ከተቀበላቸው ልንጠይቅ ይገባናል።

እንግዲህ ሙቀቱ ውሸት ነው እያልን ነው? አይደለም። በቦረና ዝናብ 5 ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ከብቱ ያለቀበት አባት ፊት ቆሞ «ወሬ ነው» የሚል ልብ የለንም። ሁሉም ተንኮል ነው የሚል ጽሑፍ ሳያነብ የሚያጋራ ወንድምም፥ ዓለም ነገ ያልቃል ከሚለው እኩል በዘጸአት 20፥16 ፊት ተጠያቂ ነው። የሐሰት ምስክርነት የግራና የቀኝ የለውም።

ደግሞም ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀምር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፥ በቴሌግራም ያየነውን ሳናጣራ መድረክ ላይ ወጥተን ቀን የቆጠርን አገልጋዮች አለን። ሕዝቡ ደንግጦ ወደ መሠዊያው ሲወጣ መነቃቃት መሰለን። ጋዜጠኛውን የምንወቅስበትን እኛው አደረግነው። ጌታ ይቅር ይበለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ነቢዩ አጋቦስ በአንጾኪያ ተነሥቶ ታላቅ ረሃብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ በቀላውዴዎስም ዘመን ሆነ። ወሬው አስፈሪም እውነትም ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ግን ሲሸበሩ አናይም፤ ሲከራከሩም አናይም። እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጡና በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ላኩ። ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ።

ለዚያች እህት ኤርምያስ 29ን ከፍተን አብረን አነበብን። ሕዝቡ አገሩን አጥቶ በባቢሎን በግዞት ሳለ እግዚአብሔር ቤት እንዲሠሩ፥ እንዲያገቡ፥ ልጆችም እንዲወልዱ አዘዛቸው። ከዚያ የከፋ ዜና የትኛው ነው? «እንግዲያው ልጅ መውለድ እምነት ነው ማለት ነው» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ወገኖች፥ የሚያስፈራ ዜና ሲደርሰን ከርዕሱ በታች ያለውን እናንብብ። ምሳሌ 18፥17 እንደሚያስተምረን ሌላውንም ወገን እንስማ። እውነት ሆኖ ካገኘነው ደግሞ ስልኩን አስቀምጠን እንደ አንጾኪያ ሰዎች ኪሳችንን እንፈትሽ።

ጌታ ይባርካችሁ።