ተካቶ ተካቶ የወጣ

ሰሞኑን ደባርቅ ላይ አንድ የአካታችነት ግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ተቀምጬ ነበር። ጥናት አቅራቢው፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰ ወጣት፣ «በስሜን ተራሮች ፓርክ ዙሪያ ያለው ማኅበረሰብ የአካታችነት ግንዛቤ ይጎድለዋል» አለን። ከበየዳ ከድል ይብዛ ተነስተው፣ የቧሂትን ብርድ አቋርጠው የመጡ ሽማግሌ ፊት!

ማስረጃው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የስብሰባ መገኛ ወረቀት። ስም፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። የሴቶች ፊርማ አንሷል፣ የወጣቶችም አንሷል፣ ስለዚህ ግንዛቤ የለም። የቀረችው ሴት ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለዚህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሳጥን የለውማ።

ፊርማ ከሆነ መለኪያው፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረችውን የግጭን መንደር እንይ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ሲከለል የግጭ ሰው እዚያው ገብሱን እያረሰ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሜንን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ጋር ጻፈው፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ አወጣው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ 418 አባወራ ጓዙን ጠቅልሎ ደባርቅ ወርዷል። ውይይቱም ተደርጎ ነበር፣ ካሳውም ተከፍሏል። በሰደርያው ሚዛን ከሄድን በስሜን ከግጭ ሰው የበለጠ የተካተተ የለም። ተካቶ ተካቶ ወጣ።

ጻድቅ ነን አልልም። ጠይቡንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ከማዕዳችን ያራቅን እኛው ነን። ወጣቱ ይህን ቢያነሳ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እሰማው ነበር። እሱ ግን የቆጠረው ፊርማ ነው፤ ጠይቡ ፈረመ አልፈረመ፣ ከማን ጋር ምሳ በላ፣ ጉዳዩ አይደለም።

ወንፈል ላይ የመገኛ ወረቀት አይዞርም። የቀረ ሰው ካለ «ምን ነክቶት ይሆን?» ተብሎ ማታ ቤቱ ድረስ ይኬዳል። አጥኚዎቻችን ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢዋሱን ምን ነበረበት?

በመጨረሻ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ሽማግሌው ጋ ደረሰ። ወጣቱ የጣት ቀለሙን ይዞ አጠገባቸው ቆመ።

«ይኸ ለምንድን ነው ልጄ?»

«መገኘትዎን ለማረጋገጥ ነው አባቴ።»

«ፊትህ ተቀምጬ ስውል አላየኸኝም?»