ውድ የጨዋታ ኪቦርድ ምን ይሸጥልናል?

ለኮምፒውተር ጨዋታ ተብሎ የሚሠራ ኪቦርድ ዋጋው የተራውን ዐሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያጠራቀመውን የኪስ ገንዘብ ይዞ «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ለሚል ተማሪ የማስታወቂያውን ቁጥሮች አብረነው ልንመረምር ይገባናል።

ማስታወቂያው አስቀድሞ የሚያወድሰው ፍጥነትን ነው። ተራው የዩኤስቢ ኪቦርድ ባብዛኛው በሰከንድ 125 ጊዜ፣ የጨዋታው 1,000 ጊዜ፣ አንዳንዱም 8,000 ጊዜ ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል። ይህም በየ8፣ በየ1 እና በየ0.125 ሚሊ ሰከንዱ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሻገር የምናተርፈው ቢበዛ 7 ሚሊ ሰከንድ ነው። በአንጻሩ ዐይናችን ያየውን አእምሯችን ተረድቶ ጣታችን እስኪንቀሳቀስ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪንም አዲስ ምስል የሚያሳየን በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ከ1 ወደ 0.125 ለመውረድ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ገንዘብማ እኛ በከንቱ እንደ ወጣ እንቆጥረዋለን።

ቁም ነገሩ ያለው ማስታወቂያው አለፍ ብሎ በሚጠቅሰው ጉዳይ ላይ ነው። የቁልፎቹ መሥመሮች እንደ መረብ በረድፍና በዓምድ ይተላለፋሉ። በአንድ አራት ማዕዘን ጫፎች ላይ ካሉት ቁልፎች ሦስቱ በአንድነት ሲጫኑ፣ ኮረንቲው በእነርሱ በኩል ዞሮ ያልተነካውን አራተኛ ቁልፍ የተጫነ ያስመስለዋል። ርካሹ ኪቦርድ ከዚህ ስሕተት ለመዳን ሲል ሦስተኛውን ቁልፍ ችላ ይለዋል፤ እየሮጠ የሚታጠፍ ተጫዋች ልዝለል ሲል መዝለሉ የሚቀርበትም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዳዮድ ከየቁልፉ ጋር ማገናኘት ነው። ዳዮድ ደግሞ፣ ኤሌክትሮኒክስ የነካካ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ርካሽ ዕቃ ናት።

ሌላው ዕድሜ ነው። በላስቲክ የሚሠራውን ቁልፍ አምራቾች ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ምት፣ ባለ ሞላውን ሜካኒካል ቁልፍ ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን ምት ይቆያል ይሉታል። አንድን ቁልፍ በቀን 5,000 ጊዜ ብንመታው 5 ሚሊዮኑ በ1,000 ቀን ያልቃል፤ 50 ሚሊዮኑ ግን ከ27 ዓመት በላይ ይዘልቃል። (ኮምፒውተሩ ራሱ ያን ያህል አይኖርም!) በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለሚመታ፣ ይህ ስሌት ከተጫዋቹ ይልቅ ለጸሐፊው ይበጃል።

በመሆኑም ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው መካከለኛ ዋጋ ያለው ሜካኒካል ኪቦርድ ገንዘቡን ያወጣል እንላለን። ባለ ቀለም መብራቱን ግን ስለ ውበቱ ካልሆነ በቀር አትክፈሉበት። ሱቅ ስትገቡም አስቀድማችሁ ባዶ ገጽ አስከፍቱና አራት አጎራባች የፊደል ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ተጫኑ፤ አራቱም ካልተጻፉ ኪቦርዱን ለባለ ሱቁ መልሱለት።