የቅዳሜዋ የሙዚቃ ሰዓት አትቅር



በቅርቡ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሁለት አስተያየቶች ተሰንዝረዋል። አንዱ «ፈተና ስለደረሰ የቅዳሜዋ የሙዚቃ ሰዓት ትቅር» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ልጆቻችን ከሌላ አገር ስደተኛ ልጆች ጋር እየዘፈኑ የራሳቸውን ሊረሱ ነው» ይላል። ሁለቱም ለልጅ ከማሰብ የመነጩ ናቸው። ይሁን እንጂ ለሁለተኛው ሥጋት መልስ የሚሆን የሌሎች ስደተኞች ታሪክ ስላለ እስቲ ላጫውታችሁ።

አየርላንድና ስኮትላንድ በአውሮፓ ምዕራባዊ ጫፍ ይገኛሉ። ጥንታዊ ቋንቋዎቻቸው ኬልቲክ ከሚባለው ቤተሰብ ስለሆኑ ባህላዊ ሙዚቃቸውም በዚሁ ስም ይጠራል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከሰሜናዊ አየርላንድ ብዙ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው በአፓላችያን ተራሮች ሰፈሩ። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ በመጥፋቱ በተነሣው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሰደደ። ይህ ሁሉ ሰው አገሩን ሲለቅ ዜማውን ይዞ ወጣ።

አሜሪካ ሲደርሱ ቫዮሊናቸው ባንጆ ከተባለ መሣሪያ ጋር ተገናኘ። ባንጆ በባርነት ከተጋዙት የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጥበብ የተገኘ ነው። የቀድሞው ባንጆ ከቅል ተሠርቶ ቆዳ ይወጠርበት ነበር፤ ማሲንቆና ክራር ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች መገናኘት የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ አደገ።

ታዲያ የመጀመሪያው ዜማ ጠፋ? አልጠፋም። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢቢሲ «ትራንስአትላንቲክ ሴሽንስ» የተባለ ዝግጅት ቀርቧል። በዚህ ዝግጅት ላይ እንደ ሼትላንዱ ቫዮሊን ተጫዋች አሊ ቤይንና እንደ አሜሪካዊው ጄሪ ዳግላስ ያሉ ሙዚቀኞች ክብ ሠርተው አብረው ተጫውተዋል። በአየርላንድ መንደሮችም ልማዱ ይኸው ነው። አንዱ ዜማ ይጀምራል፤ የሚያውቀው ይከተላል፤ የማያውቀው በጆሮው እስኪይዘው ድረስ ያዳምጣል።

ወላጆች ሆይ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በክብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ የሚጀምረው የራሱ ዜማ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሙዚቃ ከተማሪዎቼ ጋር ካዳመጥን በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተራው ሲደርስ የአገሩን ዘፈን ጀመረና መሐል ላይ ጠፋበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አያቱን ጠይቆ፣ ዘፈኑን አሟልቶ መጣ። የሌላ አገር ልጆች በጭብጨባ ተከተሉት። ይህ ልጅ ወደ አያቱ የሄደው አብሮ መጫወት ስላለበት ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ የጎደለውን አይጠይቅም ነበር።

የፈተናው ጭንቀት የእኔም ጭንቀት ነው። ለጥናት ሰዓት ካነሰ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነፃ ለማስጠናት ዝግጁ ነኝ። ይህችን አንዲት ሰዓት ግን አታስቀሩብን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የስደት ትዝታም ብቻውን ለሚይዘው ልጅ ይከብዳል።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት በመጪው ቅዳሜ መጥታችሁ እዩን። ማሲንቆ ያለው ማሲንቆውን፣ ከበሮ ያለው ከበሮውን ይዞ ይምጣ። ምንም የሌለውም ከልጁ አጠገብ ይቀመጥና ያዳምጥ።