ጥሩምባው ቀድሞ ይነፋ

የዕድራችን ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችንም «ማን ሞተ?» ብለን እንወጣለን። እኛ የምንለው፣ ሰው ሳይሞትም ይነፋ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተናደ። የተቀበሩትን ሊያወጣ የተሯሯጠውን ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበረው፤ ያውም በቀን። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእኛም ቡሌ ደጋና ተዳፋት ነው። እንሰቱና ዛፉ አፈሩን ቢይዝልንም፣ ቁልቁለት ላይ ቤት የሠራን ጥቂት አይደለንም።

ሌሊት ቢሆንስ? ሬዲዮኑ ተዘግቷል፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። ጥሩምባውስ ቢሆን፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የት ይሰማል? የሰማውም ለቅሶ መስሎት ጋቢውን ሲፈልግ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ለአደጋ የተለየ አነፋፍ ይኑረን። ዝናብ በበረታበት ሌሊት ተረኞች ነቅተው ይደሩ፤ ከተዳፋቱ ሥር ያሉትን ቤቶች በር በሩን እየደበደቡ ይቀስቅሱ። ምልክቱን ደግሞ በቀን እንይ፦ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያጋድል፣ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ። ከተናደም በኋላ አካፋ ይዞ ከመሮጥ በፊት ሽቅብ የሚያይ ጠባቂ ይቁም።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ የተራው ዝርዝር ይቅረብልን። የመጀመሪያውን ሌሊት እኛ እናድራለን።